«ኖቶሪየስ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፦ የእንግሊዝኛ ቃል ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በትምህርት ክፍሌ ስሜ የሚታወቅ ተማሪ ነበርኩ ለማለት ፈለግሁ። «ፌመስ» የሚለው ቃል ተራ መሰለኝ። ደብተሬን ገልጬ ከበድ ያለ ፈለግሁና «አይ ዋዝ ኖቶሪየስ ኢን ማይ ዲፓርትመንት» አልኩ። ማመልከቻውን የተቀበለኝ ሰውዬ አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ደግሞ አነበበው። ከዚያ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

ኖቶሪየስ ማለት በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ማለት ነው። ወንበዴ፣ አጭበርባሪ፣ ሰካራም ኖቶሪየስ ይባላል። የኔ ደብተር ግን «ኖቶሪየስ = ታዋቂ» ነው የሚለው፣ ያውም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት። ሥራውን አላገኘሁም። በቃሉ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፣ ግን እሱም አላገዘኝም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ለፈተና የሚዘጋጅ የአክስቴ ልጅ ነው። ደብተሩን ሳየው ያው የኔው ደብተር ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ መሃል ላይ የእኩል ምልክት። በቀን አርባ ቃል ይሸመድዳል። «ጋሼ፣ ማታ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ጠዋት ግን ግማሾቹ የሉም» አለኝ። የቀሩት ግማሾቹም ቢሆኑ ሲጽፍባቸው ይበላሹበታል። ለሱ ቁጭ ብዬ ያስረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ስፔሊንጋቸውን ከዲክሽነሪ ፈልጉት፤ እግረ መንገዳችሁን ፍቺያቸውንም ታያላችሁ።

የአማርኛ ትርጉሙን ካወቅሁ ምን ጎደለኝ?

ሁለት ቃላት እንለይ። ትርጉም ስል በሌላ ቋንቋ ያለውን አቻ ቃል ማለቴ ነው፤ «ሺፕ» በግ ነው እንደማለት። ፍቺ ስል ደግሞ ቃሉ ምን እንደሆነ በዚያው በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ትርጉም አንዳንዴ በቂ ነው። መንዝም ሆነ ስኮትላንድ በግ በግ ነው፣ ለዚህ ፍቺ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግሶችና ቅጽሎች ላይ ስንደርስ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ቋንቋዎች ዓለምን አንድ ዓይነት አድርገው አልተከፋፈሉትም።

«ቦሮው» የሚለውን እንይ። በአማርኛ ብር እንበደራለን፣ መጥረቢያ ግን እንዋሳለን። እህል እንበደራለን፣ እስክሪብቶ እንዋሳለን። ያንኑ ዕቃ ራሱን የምንመልስ ከሆነ ውሰት ነው፣ ምትኩን ከሆነ ብድር። እንግሊዝኛ ለዚህ ግድ የለውም፣ ሁለቱም ቦሮው ነው። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ? ተቀባዩ ቦሮው ያደርጋል፣ ሰጪው ሌንድ ያደርጋል። አማርኛ ደግሞ ሰጪና ተቀባይን ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል፤ አበደረና ተበደረ፣ አዋሰና ተዋሰ። በዚህ የተነሣ ክፍል ውስጥ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ቃሉን ያውቀዋል፣ ድንበሩን ነው ያላወቀው።

የአክስቴ ልጅ ደብተር ላይ ደግሞ «ሚስ = ናፈቀ» ተብሎ ተጽፏል። «አይ ሚስድ ዘ በስ» የሚለውን ተርጉም ብለው «አውቶቡሱ ናፈቀኝ» አለኝ። መነኻሪያ ቆሞ አውቶቡስ የናፈቀው ሰው እስኪ አስቡት። ፍቺውን ቢያነብ ኖሮ የሁለቱ ሥር አንድ መሆኑ ይገባው ነበር፦ ሊያገኘው ይገባ የነበረን ነገር ሳያገኝ መቅረት። አውቶቡስ ከሆነ አመለጠው፣ ሰው ከሆነ ናፈቀው።

ሁለት ዓምድ ማስመሩ የተማሪ ፈጠራ አይደለም፤ አገራችንም ውስጥ ሥር አለው። ኢዘንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር ሸዋ መጥቶ ነበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ፣ አንኮበር። በ1841 ለንደን ላይ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ቋንቋውን ሀ ብሎ ለሚጀምር እንግዳ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ትልቅ ነገር ነው። የጀመረ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ አቻ ቃል መፈለጉን ትቶ ፍቺ ማንበብ አለበት።

ፍቺ እንዴት ይሠራል?

በአገራችን ሰው እንዴት ነው የምንለየው? መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» እንላለን። የእገሌ ልጅ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ «የትኛው? ያ ረጅሙ ነው?» ይመጣል። ፍቺም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ወገኑን ይናገራል፣ ከዚያ ከወንድሞቹ የሚለይበትን።

በርኖስን ለማያውቅ ሰው ንገሩት ብትባሉ ምን ትላላችሁ? «ካባ ነው» ካላችሁ ወገኑን ነገራችሁት፣ ግን ይህ ከሐር ካባ አይለየውም። «ከበግ ጸጉር የተሠራ፣ ለደጋ ብርድ ከላይ የሚደረብ ካባ» ስትሉ ለያችሁት። ጥሩ ፍቺ በዚህ ሁለተኛ ክፍሉ ነው የሚታወቀው። ስታነቡ ዓይናችሁ እዚያ ላይ ይቆይ።

አሁን «ሪላክታንት» የሚለውን ውሰዱ። የተማሪ ደብተር «ፈቃደኛ ያልሆነ» ይለዋል። የእንግሊዝኛው ፍቺ ደግሞ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ማድረግ ስለማይፈልግ ወይም ስለሚያመነታ የሚዘገይ። ወገኑ «አለመፈለግ» ነው። መለያው «መዘግየት» ነው። ሪላክታንት የሆነ ሰው እንቢ ብሎ አልሄደም፣ እግሩን እየጎተተ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሊያደርገውም ይችላል። አማርኛ እኮ ለዚህ ቁልጭ ያለ ቃል አለው፦ ማቅማማት። ፍቺውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትክክለኛው የአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ፍቺ፣ ከዚያ አማርኛ።

«ፍቺው ራሱ አይገባኝም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ለእንግሊዞች የተጻፈ ዲክሽነሪ አንዱን ከባድ ቃል በሦስት ከባድ ቃል ይፈታል። ስለዚህ ለተማሪ የተዘጋጀውን ፈልጉ። ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ አስተማሪ ጃፓን ሲያስተምር ይህን ችግር ስላየ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ጃፓን ታተመ፣ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አወጣው። በ1978 የወጣው የሎንግማኑ ደግሞ ፍቺዎቹን ሁሉ ወደ 2,000 በሚጠጉ የተመረጡ ቀላል ቃላት ብቻ ነው የጻፈው። እነዚያን ቀላል ቃላት የያዘ ተማሪ ሌላውን ሁሉ በእነሱ እየተደገፈ ይገባል። የስልክ ላይ ዲክሽነሪ ስታወርዱም በስሙ ውስጥ «ለርነርስ» የሚል ቃል ካለ ያው ነው።

መቼም ፍቺ የሚጽፈውም ሰው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈታ፣ በእንግሊዝ አገር ባብዛኛው ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡን የሚመግብ እህል ነው ብሎታል። የአጃ አጥሚት ጠጥተን ያደግን የደጋ ልጆች ለስኮትላንዶቹ እናዝናለን።

ፍቺው ከገባኝ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ለምን አስፈለገ?

እውነቱን ለመናገር ምሳሌው ከፍቺው ይበልጣል ባይ ነኝ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ፍቺ የሚያገኙት ከምሳሌ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1857 ሐሳቡ ተነሥቶ የመጀመሪያው እትም ያለቀው በ1928 ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየ? ፈቃደኛ አንባቢዎች ከየመጻሕፍቱ ዓረፍተ ነገር እየገለበጡ በቁራጭ ወረቀት ይልኩ ነበር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁራጭ። አዘጋጁ ጄምስ መሪ ግቢው ውስጥ በሠራው የቆርቆሮ ቤት ቁጭ ብሎ ቁራጮቹን በየቃላቸው ይደረድራል፣ ያነባል፣ ከዚያ ነው ፍቺውን የሚጽፈው። ሥራው ሳያልቅ በ1915 ሞተ። ዛሬ ቁራጭ ወረቀቱ በኮምፒውተር ተተክቷል፣ መንገዱ ግን ያው ነው፤ ሰዎች ቃሉን እንዴት እንደተጠቀሙበት አይቶ ፍቺ መስጠት።

ምሳሌ የሚነግረን አንድ ትልቅ ነገር የቃሉን ጎረቤቶች ነው። ቃል ብቻውን አይኖርም። በአማርኛ እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ አረቄ ይወጣል። አንድ ፈረንጅ «እናትሽ ጥሩ ጠላ ሠራች» ቢል ይገባናል፣ ግን ፈገግ እንላለን። እንግሊዝኛም ሲሰማን እንደዚያው ነው የሚሆነው። ስሕተታችን በሰዋስው ሕግ ላይ አይገኝም፤ ጎረቤቱን ነው የሳትነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ «ኮዝ» ነው። ፍቺው ቀላል ነው፦ አንድ ነገር እንዲሆን ማድረግ። ይህን ያነበበ ተማሪ «ማይ ማዘር ኮዝድ ማይ ሰክሰስ» ብሎ ይጽፋል፣ ለስኬቴ ምክንያቷ እናቴ ናት ለማለት። በሰዋስው አንድም እንከን የለበትም። ግን የዲክሽነሪ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ እዩ፤ ኮዝ የሚለው ቃል አብሯቸው የሚውለው እነ ዳሜጅ፣ አክሲደንት፣ ዲሌይ፣ ፔይን፣ ትራብል ናቸው። ባብዛኛው ክፉ ነገር ነው የሚከተለው። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ የእናቲቱን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ስኬቱን እንደ አደጋ ያየዋል። ይህን ፍቺው አልነገረንም፣ ምሳሌዎቹ ናቸው የነገሩን። «ዘ ፎግ አት ጣርማ በር ኮዝድ ኤ ሎንግ ዲሌይ» ብትሉ ግን ቃሉ ቤቱ ገባ። ጣርማ በር ላይ በጉም የቆመ ሰው ይህን ቃል ዳግም አይረሳውም። (በአማርኛ «ሰበብ» እና «ምክንያት» የምንላቸው ላይም እንዲህ ያለ ነገር አለ።)

ሁለተኛው ነገር ምስጋና ነው ስድብ የሚለው ነው። «ፍሩጋል» እና «ስቲንጂ» ሁለቱም ብር የማያወጣ ሰው ናቸው። በአማርኛ ቆጣቢና ቋጣሪ እንላለን፤ አንዱን ለአማቻችሁ ፊት ለፊት ትሉታላችሁ፣ ሌላውን ከኋላው። ከየምሳሌዎቹ ነው የሚለየው።

ምሳሌ ሁሉ ግን ምሳሌ አይደለም። «ሂ ኢዝ ፍሩጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያስተምርም፤ «ሂ ኢዝ ቶል» ከሚለው በምን ይለያል? ቃሉን አውጥታችሁ ክፍት ቦታ ብትተዉ ሌላ መቶ ቃል ይገባበታል። «ሀብታም ቢሆንም ፍሩጋል ስለሆነ ያንኑ ኮት አሥር ዓመት ለበሰ፣ ባጃጅም አይዝም፣ በእግሩ ነው የሚሄደው» የሚል ከሆነ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይፈታዋል። ከዲክሽነሪ ስትገለብጡ እንዲህ ያለውን ምረጡ።

አማርኛ ውስጥ የገቡት የእንግሊዝኛ ቃላትስ ያግዙናል?

አንዳንዴ ያግዛሉ፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራሉ። «ሙድ ያዘብኝ» ስንል አሾፈብኝ ነው፤ እንግሊዝኛው ሙድ ግን የሰው የዕለት ስሜት እንጂ ሹፈት አይደለም። «ኮንትራት ታክሲ» ስንል ለብቻችን የያዝነው ነው፤ የእነሱ ኮንትራክት ውል ነው። አማርኛ ከገባ በኋላ ቃሉ የኛ ሆኗል፣ የራሱን ኑሮ ጀምሯል። የምታውቁት የመሰላችሁንም ቃል ዲክሽነሪ ላይ እዩት።

የራሴን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለብኝ?

አዎ። እዚህ ላይ የሩቅ አገር ምርምር መጥቀስ አያስፈልግም፣ የቅኔ ቤቱን ማየት ይበቃል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የግእዙን ግስ ከነአገባቡ ይማራል። ግን ግስ ስለሸመደደ ማንም ባለቅኔ አይባልም። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ቀስ እያለ ረጃጅሞቹን። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ እሳቸውም የተበላሸውን ያቃኑለታል። ቃሉን ተማረ፣ ሌላው ሲጠቀምበት ሰማ፣ በራሱ ተጠቀመበት፣ ታረመ። እንግሊዝኛ ስንማር ከአራቱ የመጀመሪያዋን ብቻ ይዘን ነው የቀረነው።

የአክስቴን ልጅ በሪላክታንት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ አልኩት። መጀመሪያ «አይ አም ሪላክታንት» ብሎ አመጣ። መለስኩት። ቀጥሎ «ዘ ዶንኪ ኢዝ ሪላክታንት ክሮስ ዘ ብሪጅ» አለ። ሐሳቡ ድንቅ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ድልድይ ላይ የምታንገራግር አህያ ያየ ሁሉ ቃሉን ያገኘዋል። የጎደለችው አንዲት «ቱ» ናት። ዲክሽነሪውን ከፈትን፤ ምሳሌዎቹ «ሪላክታንት ቱ» እያሉ ግስ ያስከትላሉ። አየዋ። ራሱ ያመጣው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ «ቱ»ዋን ስትገባ እንደ ሚስማር ነው የያዛት።

የሚያርም ሰው ከሌለስ? የጻፋችሁትን ከዲክሽነሪው ምሳሌ ጎን አስቀምጡና አስተያዩ። ከቃሉ በፊት ምን መጣ፣ ከቃሉ በኋላ ምን መጣ? አብዛኛው ስሕተት እዚያች ላይ ነው።

ስንት ቃል ይበቃኛል?

ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ቃል የሚቆጥሩት በቤተሰብ ነው፤ ሄልፕ፣ ሄልፕፉል፣ ሄልፕለስ እንደ አንድ ቤተሰብ። በጣም የተለመዱት 2,000 ቤተሰቦች ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወደ 80 ከመቶ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከአሥር ቃል ሁለቱን አታውቁም ማለት ነው፣ በየመስመሩ ትቆማላችሁ። የኒውዚላንዱ ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ችግር ለማንበብ፣ ማለትም ከመቶ 98ቱን ለማወቅ፣ ከ8,000 እስከ 9,000 ቤተሰብ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፣ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት «ሃርድ ወርድስ» የሚሏቸው ዝርዝሮች እንግሊዞች ራሳቸው በዓመት አንዴ የማያገኟቸውን ቃላት ይሰበስባሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ለሆነበት ተማሪ የሚጠቅሙት እነ ኤክሴፕት፣ ዌርአዝ፣ አንላይክሊ፣ ሪስፔክቲቭሊ ናቸው። «ኦል ኦቭ ዘ ፎሎዊንግ አር ትሩ ኤክሴፕት» የሚል ጥያቄ ላይ ኤክሴፕትን ያልያዘ ልጅ ባዮሎጂውን አብጠርጥሮ ቢያውቅም ይስታል።

ማታ የያዝኩት ጠዋት ለምን ይጠፋል?

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ይህን በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመው። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ በየስንት ሰዓቱ ስንቱ እንደሚጠፋ ለካ። መርሳት መጀመሪያ ላይ በጣም ፈጣን ነው፣ በኋላ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በየቀኑ እየከፋፈሉ መድገምም በአንድ ጊዜ ከመደጋገም እንደሚበልጥ አገኘ። ቁልቁለት ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አስቡት፤ ዶፉ አፈሩንም ይዞ ወደ ቆላው ይነጉዳል፣ የሚሰርገው ካፊያው ነው። አርባ ቃል በአንድ ማታ ዶፍ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት እንዲህ ነው። በቀን ስምንት ወይም አሥር ቃል ያዝ። በነጋታው፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ተመለስበት። ስትመለስ አታንብብ፤ ፍቺውን በእጅህ ሸፍነህ ከራስህ አውጣው። ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፣ መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ባዶ ነው። የራስህ ዓረፍተ ነገር ላይ ቃሉን በእስክሪብቶ አጥፍተህ ክፍት ቦታ ብታደርገው ደግሞ ፈተናህን አንተው ለራስህ አወጣህ።

የደብተሩ የእኩል ምልክት ቀረ። አሁን ለአንድ ቃል አራት መስመር ይሰጣል፦ ፍቺው፣ ከዲክሽነሪ የተገለበጠ ምሳሌ፣ የራሱ ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይ በትንሹ አማርኛው። ባለፈው እሑድ ኖቶሪየስ ጋ ደረሰ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ማይ ከዝን ኢዝ ኖቶሪየስ ፎር ኢቲንግ አዘር ፒፕልስ ቆሎ» ብሎ ጽፏል። ሁለቴ አነበብኩት፣ የማርመው አጣሁ።